«የቢሮ ድግስ ይቅር» ላሉት ጸሐፊ፦ መጀመሪያ የስም ዝርዝሩን እንየው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ «ይኼ አንተን ነው የሚመለከት» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። የመሥሪያ ቤት የበዓል ድግስ ጊዜው አልፎበታል፣ ይቅር የሚል ነው። ጓደኛዬ እኔን ለምን እንዳሰበ ይገባኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ የቢሯችን የበዓል ኮሚቴ አባል ነኝ። ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ ነው የተሰጠኝ። ከሾላ ቀጤማ የምገዛው፣ ፈንዲሻ የማስፈነዳው፣ ዶሮ ሲጠፋ የምጠየቀው ሰው እኔ ነኝ።

ጽሑፉን ያላነበበ እንዳይቸገር ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ነገሩ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ባህል በዓል የቤት እንጂ የቢሮ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኑሮ በተወደደበት ዘመን ለድግስ የሚወጣው ብር ለሠራተኛው በእጁ ይሰጠው፤ በሠለጠነው ዓለምም ድግሱ እየቀረ ነው። ሦስተኛ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ግብዣ አይፈልግም፤ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ነው የሚፈልገው። አራተኛ፣ የአንዱ በዓል የሌላው ስላልሆነ በዲሴምበር ማብቂያ ሆቴል ውስጥ አንድ የጋራ የዓመት መዝጊያ ምሽት ይበቃል። አምስተኛ፣ የተፈለገው መቀራረብ ከሆነ ቲም ቢልዲንግ አለ።

ጥሩ ጽሑፍ ነው። ቀልድ ያውቃሉ። ስለ ሥራ አስኪያጆች የበዓል ንግግር የጻፉትን ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ። ግን አንደኛውና አራተኛው ነጥባቸው እርስ በርስ ተጣልተዋል። የፈረንጅ ነው ብለው በዋናው በር ያስወጡትን ድግስ፣ በፈረንጅ አዲስ ዓመት በጓሮ በር አስገቡት።

ከፈረንጅነቱ ልጀምር። አለቃ የሚያሠራውን ሰው በበዓል ሰብስቦ ማብላቱ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ስሙ ግብር ነው። «ግብር አበላ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ ይኼ ከውጭ መጣ ሲሉት ግር ይለዋል። አንድነት ፓርክ የገባ የአፄ ምኒልክን የግብር አዳራሽ አይቶታል። ፓርኩ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ማንም ትኬት ቆርጦ ሊያየው ይችላል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰብስቦ የሚበላበት ቤት ነበር። ብርንዶው በአሽከር ትከሻ ላይ ሆኖ ይዞራል፣ ጠጁ ይቀዳል። ንጉሡ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረዳል። ሁሉም ባንዴ አይገባም። መኳንንቱ መጀመሪያ፣ ከዚያ በየማዕረጉ፣ ተራው ወታደር መጨረሻ።

እኩልነት ነበር እያልኩ አይደለም። ኧረ በጭራሽ። ግን ያ ሁሉ ማዕረግ እያለ የመጨረሻው ወታደርም ተራ ነበረው። ዘግይቶም ቢሆን አዳራሹ ውስጥ ይገባል። ይኼን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እርግጥ ዛሬ ቢሮ ውስጥ የምናየው ብዙው ነገር መጤ ነው። ዲጄው፣ ሴክሬት ሳንታው፣ አርማ የታተመበት ኬክ። ድፎ ዳቦ እያለ አርማ የሚያስበላን ምን እንደሆነ እኔም አይገባኝም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ወደ ብሩ ልምጣ፤ ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ነው። «ገንዘቡ ይከፋፈል» ሲባል ሰሚው ሁሉ ያጨበጭባል። እኔም በበዓል ሰሞን የዶሮ ዋጋ ጠይቄ አውቃለሁ። ነጋዴው ዋጋውን ሲነግረኝ የሚታረደው ዶሮው ሳይሆን እኔ መሰልኩ። ስለዚህ ቦነስ ይሰጥ፣ ደሞዝ ይጨመር የሚል ካለ ከፊት እሰለፋለሁ።

ግን ሒሳቡን እንሥራው። ሆቴል ካልተሄደ በቀር የቢሮ ድግስ ያን ያህል ብር አይበላም። የእኛ ቢሮ ለ2018 እንቁጣጣሽ ዋዜማ ያወጣው ለዳቦ፣ ለቡና፣ ለፈንዲሻ፣ ለለስላሳና ከአንድ ምግብ ቤት ላስመጣነው በያይነቱ ነው። ለሁላችን ቢካፈል ለአንዳችንም አንድ ዶሮ አይገዛም። ግማሽ ዶሮ የሚሸጥ ደግሞ የለም። በዚያ ላይ በጥሬው የተሰጠ ቦነስ ከደሞዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ባለው የወር ገቢ ላይ 35 በመቶ ነው። ቃሉ ራሱ ያስቀኛል። የሚበላውም ግብር፣ የሚቆረጠውም ግብር።

ይኼም ይሁን፤ እኔን ያልጣመኝ ሌላ ነው። ብር የሚከፋፈለው በደሞዝ መዝገብ ነው። ብዙ ጊዜም በደሞዝ ልክ። «የአንድ ወር ቦነስ» ሲባል ሥራ አስኪያጁ የራሱን ወር ይወስዳል፣ ተላላኪዋ የራሷን ወር ትወስዳለች። የእሱ አንድ ወርና የሷ አንድ ወር ደግሞ አንድ አይደለም። ዳቦ ግን ሲቆረስ የደሞዝ እርከን አይጠየቅም።

መዝገቡ ላይ ጭራሽ የሌለስ ሰው?

እዚህ ላይ ያየሁትን ልናገር። የዛሬ አራት ዓመት ለፋሲካ መሥሪያ ቤታችን ጸሐፊው ያሉትን የሚመስል ነገር አደረገ። ድግሱን ትቶ በዓይነት ሰጠ። ለአንድ ሰው አንድ ዶሮ፣ አምስት ሊትር ዘይት፣ ሠላሳ እንቁላል። ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ንብረት ክፍል ለእያንዳንዱ ሰው የዕቃ መውጫ ጻፈ፤ ከግቢያችን ያለ መውጫ ወረቀት ምንም ነገር አይወጣም። እንቁላሉን ብብት ሥር ሸጉጦ፣ በአንድ እጁ ዘይት፣ በሌላው ዶሮ፣ ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ ሰዉ በር ላይ ተሰለፈ።

በሩ ላይ ጋሼ ናቸው። ጥበቃ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ያያሉ። «ዘይት አንድ። ዶሮ አንድ። እንቁላል…» እንቁላሉን በጣታቸው ይቆጥሩታል፣ አምስት በስድስት። ይፈርማሉ። «እንኳን አደረሰሽ ልጄ» ይላሉ። ቀጣይ። መሀል ላይ የአንዷ ዶሮ ገመዷን ፈታ አመለጠች። ከጄኔሬተሩ ጀርባ አሯሩጠው የያዟት ጋሼ ናቸው። ክንፏን አጣምረው ላብ በላብ ሆነው ለባለቤቷ መለሱላት። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ።

ኮሚቴ ስለሆንኩ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። መውጫዬን ሲፈርሙ «እርስዎስ ጋሼ፣ ወሰዱ?» አልኳቸው። ኮሚቴውም እኔ፣ ጠያቂውም እኔ! «እኔማ በኤጀንሲ ነኝ» አሉ። ቁጣ የለበትም። ዛሬ ዝናብ አለ እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ከደሞዝ መዝገብ ላይ ገልብጬ። እሳቸው እዚያ እንደሌሉ አንድም ጊዜ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በምኒልክ ግብር የመጨረሻው ወታደር እንኳ ተራ ነበረው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥበቃና ጽዳት በኤጀንሲ ማሠራት የተለመደ ነው። ውላቸው ከኤጀንሲው፣ ውሏቸው ከእኛ ጋር። ጽዳቷ ከሁላችን ቀድማ ትገባለች። ጥበቃው ከሁላችን በኋላ ይቀራል፤ በዓሉ ቀን ራሱም ተረኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ቀን ለሠራ ሰው የሰዓት ክፍያው እጥፍ ይሁን ይላል። ይከፈላቸዋል ወይ? እሱን በራችሁ ላይ የቆመውን ሰው ጠይቁት።

ይባስ ብሎ አንዳንዱ መሥሪያ ቤት በዓል ሲመጣ ማዕድ ማጋራት ይሄዳል። ባነር ይታተማል፣ ፎቶ አንሺ ይቀጠራል፣ ዘይትና ዱቄት ተጭኖ ከተማ ዳር ድረስ ይኬዳል። ማጋራቱ መልካም ነው። ግን ዘይቱን መኪና ላይ የጫነችው የራሱ ጽዳት ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ስትሄድ ፎቶ አንሺው የለም።

ከፋሲካው በኋላ ወደ ድግሱ ተመለስን፤ ጋሼም ከዚያ ወዲህ አንድም ዋዜማ አልቀሩም። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አላስቀራቸውም። ቡናው ግቢውን አወደው፣ መጡ። ጸሐፊው ብሩን ከድግሱ ሲያስበልጡ ይኼን የቆጠሩት አይመስለኝም። ብር ዝርዝር ይዞ ነው የሚሄደው። ቡና ሽታው ነው የሚጠራው።

በሠለጠነው ዓለም እየቀረ ነው ስላሉትም አንድ ልበል። እንግሊዝ አገር ለመሥሪያ ቤት ዓመታዊ ድግስ ግብር የማይጠየቅበት ደንብ አለ፤ ለአንድ ሰው እስከ 150 ፓውንድ። ግን ድግሱ ለሠራተኛው ሁሉ፣ ወይም በዚያ ቅርንጫፍ ላለው ሁሉ፣ ክፍት መሆን አለበት። ለአለቆች ብቻ የተደገሰ እራት በዚህ አያመልጥም። ጀርመኖችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ 110 ዩሮ፣ በዓመት እስከ ሁለት ዝግጅት። እንግዲህ እዚያ አገር ግብር ሰብሳቢው ራሱ «ማን ተጠራ?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ፋይናንስ «ስንት ወጣ?» ብሎ ነው የሚዘጋው።

ወጣቱ አይፈልግም ለሚለው ጃፓንን ላንሳ። ቦኔንካይ የሚባል አላቸው፤ ያለፈውን ዓመት መርሻ እንደማለት ነው። በየዲሴምበሩ የሥራ ባልደረቦች ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣቶቹ «ቦኔንካይ ስሩ» የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ አመጡ፤ ዘለልኩት ማለት ነው። ቅሬታቸውን ስታዩት አብሮ መብላቱ አይደለም ያስመረራቸው። ከኪሳቸው ማዋጣቱ፣ ለአለቃ መጠጥ መቅዳቱ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የአለቃን ወሬ መስማቱ ነው።

የእኛዎቹስ ከዚህ በምን ይለያሉ? ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሲይዝ ነው ወደ በሩ የሚያዩት። የሩብ ዓመት ሪፖርት በ«እንኳን አደረሳችሁ» ተጠቅልሎ ይቀርባል፣ ዳቦው ይደርቃል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ጸሐፊው በዚህ ላይ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ፊደል አልቀንስም። እኛ ጋ ንግግር ሦስት ደቂቃ ሆኗል። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው የደረጃ ዕድገቴ የዘገየው። ምርቃቱ ግን አይነካም። የሚመርቁት በዕድሜ ትልቁ ሰው ናቸው እንጂ በሥልጣን ትልቁ አይደሉም። በእኛ ቢሮ ሾፌር ናቸው። «ከዘመን ዘመን ያሸጋግራችሁ» ሲሉ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ስልኩን አስቀምጦ «አሜን» ይላል። ያን ልጅ ግብዣ አይወድም ካላችሁኝ አልሰማችሁም።

ጸሐፊው ያልነኩትን አንድ ነገር እኔው ላንሳላቸው፤ ለእሳቸው ክርክር ይጠቅም ነበር። ቡናውን ማን ያፈላል? በብዙ ቢሮ ሪሴፕሽኗ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ትምጣ ይባላል። ቡና ማፍላት ከሥራ መደቧ ውስጥ የለም። ለእሷ በዓሉ ከሥራ ላይ የተጨመረ ሥራ ነው። እኛ ጋ ሁለት ዓመት ሆነን፣ አፍይውን በእጣ እንለያለን። መጨረሻ ላይ ለአይቲው ልጅ ደረሰው። ቆላ፣ አሳረረ፣ ጀበናው ሁለቴ ገነፈለበት። ጠጣነው፤ ሦስተኛውን ግን ማንም አልጠበቀም።

አራተኛው ነጥብ ከባድ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። የአንዱ በዓል የሌላው አይደለም፣ እውነት ነው። ሥጋውም አንድ አይደለም። ሙስሊሙ ባልደረባችን ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ክርስቲያኑም እንደዚሁ ሙስሊም ያረደውን። ይኼ ተረስቶ ክትፎ የታዘዘበት፣ ግማሹ ሰው ለስላሳውን ይዞ ሌላውን ሲበላ የሚያይበት ድግስ አውቃለሁ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር።

ታዲያ መፍትሔው ዲሴምበር 31 ነው? ያኔ እኮ የገና ጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይጾማል። ጾመኛውን ሆቴል ወስዳችሁ የሥጋ ቡፌ ፊት ታቆሙታላችሁ፤ ሰላጣና ዳቦ ይዞ ይመለሳል። «ዓመት መዝጊያ» የሚባለውስ የማን ዓመት ነው? የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ዘመኑ በጳጉሜን ያልቃል። ከውጭ ለጋሽ ጋር የሚሠራ ድርጅት ሒሳቡን በዲሴምበር ሊዘጋ ይችላል፤ ለእነሱ ይሁንላቸው።

የሆቴሉ ድግስ ደግሞ ምሽት ነው። ቱሉ ዲምቱ የምትኖር ልጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከቦሌ እንዴት ነው የምትሄደው? ባለመኪናው ይዞራል፣ «ላድርስሽ» ይላል፣ ሁለት ቢራ ጠጥቷል። ይኼን ጽፌ ልተወው፤ ሴቶቹ የቀረውን ያውቁታል። የእኛ 8 ሰዓት ይጀምራል፣ 10 ሰዓት ያልቃል። በሥራ ሰዓት። በድርጅቱ ጊዜ እንጂ በእኛ ጊዜ አይደገስም።

ስድስት ዓመት ኮሚቴ ሆኜ የተማርኩትን ልንገራችሁ። እዚህ አገር ሁሉንም አንድ ትሪ ላይ የሚያስቀምጠው የጾም ምግብ ነው። ሽሮን ማን አረደው አይባልም። የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ። ዋዜማው ጳጉሜን 5 ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነበር። ኮሚቴው ውስጥ «በቃ ድግሱ ተበላሸ» ያለ ሰው ነበር። በያይነቱ አስመጣን። ሒሳብ ክፍል ያለችው ሂጃብ ለባሽ ባልደረባዬና ዲያቆን የሆነው ንብረት ክፍላችን አንድ ትሪ ላይ ተቀምጠው በመጨረሻዋ ስንግ ቃሪያ ተጣሉ። እሷ ወሰደች። እሱ «ጾመኛን መቀማት» እያለ እስከ ቡናው ድረስ አልተዋትም። ክትፎ ቢታዘዝ ኖሮ ሁለቱ በተለያየ ጥግ ነበሩ።

በዚሁ በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፣ የካቲት ላይ። ምሳ ቤታችን ቤተ መጻሕፍት መሰለ። ድምፅ የለም፣ ሽታ የለም፣ ማይክሮዌቩም ጾመ። አንድ ቀን ሙስሊሞቹ ልጆች «አፍጥር አብረን እናድርግ» አሉ። ቴምር መጣ፣ ሳምቡሳ መጣ። ሳምቡሳው የምስር ነበር፤ ሆን ብለው ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ስልኩ ላይ አዛን ሰማን። እነሱ በቴምር ከፈቱ፣ እኛ ሳምቡሳ ይዘን አጀብናቸው። ይኼንን ምሽት ኮሚቴው አላዘጋጀውም፣ በጀትም የለውም። ታክሲ ሳይጠፋ ሁሉም ቤቱ ገባ።

ሃይማኖት ያለያያል ተብሎ ሁሉንም በዓል አጥቦ ስም የሌለው ምሽት ማድረግ ለኔ አይታየኝም። የራሴን አክብሩልኝ የሚል ሰው የሚታመነው የሌላውን አክብሮ ሲገኝ ነው። ጸሐፊው ሰው እንዳይቀየም አስበው ነው፤ ልባቸው ቅን ነው። የሚቀየመው ግን በዓሉ ባለመጠራቱ ጭምር ነው።

ቲም ቢልዲንግ። ቢሾፍቱ ሄደን አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ገመድ ጎትተናል። ሐይቁ ጥሩ፣ ዓሣው ጥሩ። ከኋላዬ ሆኖ ገመዱን አብሮኝ የጎተተውን ሰውዬ ስም እስካሁን አላውቀውም። ጋሼ ያን ቀን ባዶ ግቢ ሲጠብቁ ዋሉ።

መቀራረብ ከሆነ የተፈለገው፣ ቅርጫ አለ። የእኛ ቢሮ ቅርጫ ከኮሚቴውም ከአስተዳደሩም ውጭ ነው። ለገና ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ይዋጣል። ሰብሳቢው እኚያው መራቂያችን ሾፌር ናቸው። በሬውንም የሚመርጡት እሳቸው። ጀርባውን ዳሰስ፣ ጥርሱን አየት፣ ከነጋዴው ጋር ኩርፊያ፣ ሄደው መመለስ፣ ደግሞ ኩርፊያ። ሙስሊሞቹ ለአረፋ የራሳቸው አላቸው፤ ሥርዓቱ ያው ነው። ያዋጣ ሁሉ መደብ አለው። ኤጀንሲ ነህ ቋሚ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ገና አሥራ ሁለት ሆነን ገባን። በሾፌሩ ሰፈር፣ ገና ሳይነጋ፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሸራ ተዘርግቶ ኮባ ተነጠፈበት። በሬው ታርዶ ተበለተ። ከዚያ መደቡ ተጀመረ። ከሻኛው ትንሽ፣ ከሽንጡ ትንሽ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው። ከአንዱ ብልት ለአሥራ ሁለቱም ሳይደርስ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። «ይኼኛዋ አነሰች፣ ጨምርባት» ይላል አንዱ። «ከዚያች ቀንስና ነዋ» ይላል ሌላው። ቢላዋ የያዘው ሰውዬ ሁለቱንም አይሰማም። ቆዳው ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ፤ ድሮ የሚጣሉበት ቆዳ ዛሬ ውሰዱልኝ ተብሎ ይለመናል።

መደቡ ካለቀ በኋላ እጣ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል። የፋይናንስ ኃላፊያችን የመኪና ቁልፋቸውን ሰጡ። እኔ የቢሮ መታወቂያዬን። ጋሼ መሬት ጎንበስ ብለው አንድ የለስላሳ ቆርኪ አነሡ፣ በካፖርታቸው ጠረጉና ሰጡ። የግቢው ልጅ ስንደለድል ፊቱን አዙሮ ስለነበር እጣውን እሱ ጣለ። ቆርኪው ያረፈው የሻኛ ቁራጯ ከሁሉም ወፈር ያለችበት መደብ ላይ ነው። የመኪና ቁልፉ ከጎኑ።

«ጋሼ፣ እንቀያየር» አሉ የፋይናንስ ኃላፊው፣ እየሳቁ። ግን ደግሞ እየጠበቁ።

«እጣ እኮ ነው ጌታዬ» አሉ ጋሼ፣ ፌስታላቸውን እየዘረጉ።

ጸሐፊው ሲጨርሱ አንባቢውን «መሥሪያ ቤታችሁ ለመጪው በዓል ስንት ብር መደበ?» ብለው ጠይቀዋል። ብሩን አልናገርም፣ ኮሚቴ ምስጢር ይጠብቃል። የሰዉን ቁጥር ግን ልንገራቸው። ለመጪው እንቁጣጣሽ ቡናውም ስጦታውም አለ። ያዘጋጀሁት ዝርዝር ላይ 51 ሰው ተጽፏል። 43ቱ ከደሞዝ መዝገብ የተገለበጡ ናቸው። ስምንቱን ከታች በእስክርቢቶ ጨምሬያቸዋለሁ፤ አራት ጥበቃ፣ ሦስት ጽዳት፣ አንዲት ሻይ የምታፈላ። የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «እነዚህኞቹ በማን በጀት ናቸው?» ብለው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡት። ትላንት በዚያ ሳልፍ አሁንም እዚያው ነው። አልተፈረመም። የመኪና ቁልፋቸው ላዩ ላይ ተቀምጧል።